የመንግሥት ጨረታ ለእኛም ነው፦ በአሜሪካ ለሴቶችና ለአናሳ ማኅበረሰብ ነጋዴዎች፣ ከሰርተፊኬት እስከ ክፍያ

ቢሮ የሚያጸዳ ድርጅት ያላት አንዲት እህት ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። «የሴት ነጋዴነት ሰርተፊኬቴ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አንድም መሥሪያ ቤት አልጠራኝም» አለች። ቅሬታዋ ገባኝ። ልጆቿን አስተኝታ ስንት ሌሊት ወረቀት ስታሟላ እንዳመሸች አውቃለሁ። ሰርተፊኬት ያለው ሰው የሚጠራበት አሠራር እንደሌለ ግን አስቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። አሜሪካ ውስጥ ድርጅት ላላቸውና ለመንግሥት መሥራት ለሚፈልጉ፣ በተለይ ለሴቶችና ለስደተኛ ነጋዴዎች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። እስከ 1988 ድረስ በአንዳንድ ግዛቶች ሴት ልጅ ለንግዷ ብድር ስትጠይቅ የወንድ ዘመድ አብሮ እንዲፈርም ትጠየቅ ነበር። ይህን ያስቀረው በዚያ ዓመት የወጣው የሴቶች የንግድ ባለቤትነት ሕግ ነው። በ1994 ኮንግረስ ከፌዴራል ኮንትራት ገንዘብ 5 በመቶው ለሴቶች ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ አስቀመጠ። ግቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው በ2015 የበጀት ዓመት ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከ21 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ግብ ኮታ አይደለም። ማንም መሥሪያ ቤት ግቡን ስላላሟላ ሥራ አምጥቶ እጅዎ ላይ አያስቀምጥም። ሕጉ የሚሰጥዎ የመጠየቅ መብት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዴት፣ መቼና ከማን እንደሚጠየቅ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው በር የእርስዎ እንደሆነ ይለዩ

ሰው «ማይኖሪቲ ሰርተፊኬት ላውጣ» ሲል አንድ ወረቀት ያለ ይመስለዋል። የለም። በሮቹ ሦስት ናቸው፣ ቁልፋቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው የፌዴራሉ ነው። የሚያስተዳድረው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር፣ ሁላችንም ኤስቢኤ የምንለው ነው። በእሱ ስር የሴቶች አነስተኛ ድርጅት ሰርተፊኬት አለ፤ ኤይት ኤ የሚባለው፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ችግር ለደረሰባቸው ባለቤቶች የተዘጋጀው ፕሮግራም አለ፤ ሃብዞንም አለ። ሃብዞን ዘርና ፆታ አይጠይቅም። ዋናው ቢሮዎ በተለየው ዝቅተኛ ገቢ ያለው አካባቢ ከሆነና ከሠራተኞችዎ 35 በመቶው በእንዲህ ያለ አካባቢ ከኖሩ ይበቃል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሰፈር ካርታው ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል አድራሻውን አስገብተው ይዩት።

ሁለተኛው ዲቢኢ የሚባለው፣ ችግር ለደረሰባቸው ባለቤቶች ድርጅቶች የተዘጋጀው ነው፤ በፌዴራል የትራንስፖርት ገንዘብ ለሚሠሩ መንገዶች፣ ባቡሮች፣ አውቶቡሶችና ኤርፖርቶች። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ግዛቱ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ሱቅ ወይም ካፌ መክፈት ለሚፈልግም የዚሁ እህት የሆነ ፕሮግራም አለ።

ሦስተኛው የግዛትና የከተማ ነው። ኒው ዮርክ ከ1988 ጀምሮ የራሱ ሕግ አለው፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሌሎችም እንዲሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለው፣ ሲቢኢ የሚባለው የከተማዋ ሰርተፊኬት ግን በዋናነት የሚያየው የቢሮዎን አድራሻ ነው።

እዚህ ላይ ወገኖቼ በተደጋጋሚ የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ሦስቱም የኤስቢኤ ሰርተፊኬቶች የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃሉ። ዲቢኢ ግን ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪንም ይቀበላል። ግሪን ካርድ ይዞ ኤይት ኤ ላይ ወራት የደከመ ሰው አውቃለሁ፤ ከመጀመሪያው ዲቢኢ ጋ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ ላይ ያውለው ነበር። በተለይ ኤይት ኤ በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገባበት፣ 9 ዓመት የሚቆይ ፕሮግራም ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ሥራ ቢኖርዎም ባይኖርዎም ስለሆነ ጨረታ መወዳደር ሳይጀምሩ አይግቡበት።

«አነስተኛ» የሚለውም በሥራው ዓይነት ይለካል። እያንዳንዱ የሥራ ዘርፍ ኔይክስ የሚባል ባለ 6 አሃዝ ኮድ አለው። የጽዳት አገልግሎት 561720 ነው፤ በዚህ ኮድ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢዎ ከ22 ሚሊዮን ዶላር ካላለፈ አነስተኛ ነዎት። ትርጉምና አስተርጓሚነት 541930 ነው። የሴቶች ድርጅት ተብሎ ተለይቶ የሚወጣ ጨረታ ሴቶች በቂ ድርሻ እንዳላገኙባቸው በተለዩ ኮዶች ብቻ ስለሚፈቀድ የእርስዎ ኮድ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ከማመልከትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ባለቤትነቱንና አዛዥነቱን በወረቀት ያስተካክሉ

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድበት።

ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቢያንስ 51 በመቶ ባለቤትነት፣ እና ድርጅቱን በእውነት ማዘዝ። 50 ለ 50 የተካፈሉ ባልና ሚስት የሴት ድርጅት አይባሉም። በእኛ ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። ድርጅቱ ሲቋቋም ወረቀት የሚሞላላቸው ሰው «እኩል ላድርገው?» ይላል፤ እነሱም በፍቅር ይስማማሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ማመልከቻው ተመላሽ ሲሆን ነው። ከዚያም የባሰ አለ። ሥራውን ከጠዋት እስከ ማታ የምትመራው ሚስት ሆና ሳለ ድርጅቱ የእሱ ክሬዲት ስለሚሻል ብቻ በባል ስም ይከፈታል። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ሰርተፊኬቱ መብቷ ነው፤ ወረቀቷ ግን ይክዳታል።

አዛዥነቱን መርማሪው የሚያየው በኦፐሬቲንግ አግሪመንታችሁ፣ ማለትም በድርጅቱ መተዳደሪያ ውል ነው፤ መስመር በመስመር ያነበዋል። «ዋና ዋና ውሳኔዎች በሁሉም አባላት ስምምነት ይወሰናሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ 49 በመቶ ያለው ሰው ውሳኔዋን ሊያግድ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አዛዥ አይደለችም ይባላል። ከኢንተርኔት የሚወርዱ አብዛኞቹ ቅጾች ይህን ዓረፍተ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት። አውጡት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ቀኑን ጻፉበት። ቀጥሎ የባንኩን ፊርማ ይዩ። የኪራይ ውሉን ማን ፈረመ? የመድን ፖሊሲው በማን ስም ነው? ከፍተኛውን ደመወዝ የሚወስደው ማን ነው? የሥራ ፈቃዱ በባል ስም ብቻ ከሆነ፣ ወይም ባለቤቲቱ ቀን ቀን ሌላ ቦታ ተቀጥራ የምትውል ከሆነ፣ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና መልሱን ከነማስረጃው አስቀድመው ያዘጋጁ።

የመነሻ ገንዘብም ይጠየቃል። የብዙዎቻችን ካፒታል የመጣው ከዕቁብ ነው። ዕቁብ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ይህ ሊያሳፍርም ሊያስደነግጥም አይገባም። ዕጣው የወጣበትን ቀንና መጠን የሚገልጽ፣ በዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የተፈረመ ደብዳቤ ያጽፉ፤ ገንዘቡ ወደ ባንክ የገባበትን ወረቀት ያያይዙ፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ በሦስት መስመር ያስረዱ። መርማሪው ስለ ዕቁብ ላያውቅ ይችላል፤ ቀንና ቁጥር የያዘ ወረቀት ግን ማገናዘብ ይችላል። ከወንድም ወይም ከጓደኛ የተበደሩትም ከሆነ ቀላል የብድር ውል ዛሬውኑ ሳይሆን ገንዘቡን በተቀበሉበት ጊዜ የተጻፈ ቢሆን ይመረጣል። ወደ ኋላ ቀን አስገብቶ መጻፍ ግን ማጭበርበር ነውና በፍጹም አይሞከርም።

ስለ ማጭበርበር ካነሣሁ፦ «አንቺ ስምሽን ብቻ ስጪ፣ ሥራውን እኛ እንሠራዋለን» የሚል ሰው ቢመጣ አይቀበሉት። የሌለውን ማንነት አሳይቶ ኮንትራት መውሰድ እስከ 500,000 ዶላር መቀጮና እስከ 10 ዓመት እስራት ያስከትላል። የሚታሰረው ደግሞ የፈረመ ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ ሳም ላይ ይመዝገቡ

የፌዴራል ሥራ ለመውሰድ ሳም በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ነፃ ነው። ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ይሰጥዎታል። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ጊዜው ካለፈ ኮንትራት አይሰጥዎትም። በተመዘገቡ በማግስቱ «ምዝገባዎ ሊቋረጥ ነው፣ ይህን ያህል ዶላር ይክፈሉ» የሚሉ ኢሜይሎች ይጎርፋሉ። መንግሥት አይደሉም።

እኛን የሚያስቸግረን ስም ነው። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዴ ፊደሉ ይደረባል፣ አንዴ ይቀነሳል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ የግዛቱ ምዝገባና የባንክ ደብተሩ ላይ ያለው የድርጅት ስምና አድራሻ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ሥርዓቱ ይመልሰዋል። መጀመሪያ እነዚያን አንድ ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ ማመልከቻውና የራስዎ ታሪክ

የሴቶች ሰርተፊኬት ከ2020 ጥቅምት ወዲህ ራስን በራስ በማረጋገጥ አይገኝም፤ በኤስቢኤ ወይም ኤስቢኤ በተቀበላቸው ድርጅቶች ይረጋገጣል። ከኤስቢኤ በቀጥታ ሲሆን ነፃ ነው።

ኤይት ኤና ዲቢኢ ላይ ግን ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ የሕይወት ታሪክ ይጠየቃል። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሪችመንድ ከተማ ከኮንትራቶቹ 30 በመቶው ለአናሳ ማኅበረሰብ ድርጅቶች እንዲደርስ ያወጣችውን ደንብ ሻረ። በ1995 ያን ደንብ የሻረበትን፣ ዘርን የሚጠቅስ ደንብ የሚለካበትን ጥብቅ መመዘኛ በፌዴራል መንግሥቱ ላይም አዋለው። እንዲያም ሆኖ ጥቁር፣ ሂስፓኒክ ወይም እስያዊ የሆነ አመልካች ችግር እንደደረሰበት ይገመትለት ነበር። በ2023 ሐምሌ ቴኔሲ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ግምት በኤይት ኤ ላይ አገደው። በ2025 ጥቅምት 3 ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በዲቢኢ ላይ የዘርና የፆታን ግምት አነሣ፤ ቀድሞ ሰርተፊኬት የነበራቸውም እንደገና እንዲመረመሩ አዘዘ። ስለዚህ ዛሬ «ጥቁር ነኝ» ወይም «ሴት ነኝ» ብሎ መጻፍ በር አይከፍትም። በእርስዎ በራስዎ ላይ የደረሰው፣ በማስረጃ የተደገፈው ነው የሚታየው። ይህ ለውጥ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ሸክሙን ሁሉ በተጎዳው ሰው ጫንቃ ላይ አድርጎታል። ቢሆንም ማመልከቻው በሥራ ላይ ባለው ሕግ መጻፍ አለበት። ደንቡ ገና እየተለዋወጠ ስለሆነ የሚያመለክቱበት ቀን ላይ ያለውን ቅጽ አውርደው ያንብቡ፤ ጓደኛዎ በ2022 ያስገባችውን አይቅዱ።

ታሪኩ እንዴት ይጻፋል? እኛ ችግራችንን አደባባይ ማውጣት አናውቅበትም፤ «ተመስገን» ብለን ማለፍ ነው ያደግንበት። እዚህ ግን ያለፈው ነገር ካልተጻፈ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሁለት ወይም ሦስት ክስተቶች ይምረጡ። ለእያንዳንዱ፦ መቼ ነበር፣ የት፣ ማን ምን አለ ወይም ምን ከለከለ፣ በዚያ ምክንያት ምን አጡ፣ በገንዘብ ስንት። «ባንኮች አያምኑንም ነበር» ደካማ ነው። «በ2019 መጋቢት የ40,000 ዶላር ብድር ጠየቅሁ፤ ክሬዲቴ ይህን ያህል ነበር፤ ተከለከልኩ፤ ማሽን መግዛት ስላልቻልኩ የተስማማሁትን የሆስፒታል ሥራ ለቀቅሁ» ጠንካራ ነው። የክልከላ ደብዳቤ፣ ኢሜይል፣ በጊዜው አብሮዎት የነበረ ሰው ቃል ይያያዝ። ዲቢኢ ላይ ታሪኩ በዘር ወይም በፆታ ላይ እንዳይመሠረት ደንቡ ስለሚከለክል ኢኮኖሚያዊ ችግሩንና የተዘጋብዎትን ዕድል እንደ ክስተት ይተርኩት።

ይህን ብቻዎን አይሥሩት። አፔክስ አክስለሬተር የሚባሉ፣ በመከላከያ ሚኒስቴር የሚደገፉ ነፃ የምክር ማዕከሎች በየግዛቱ አሉ። የሴቶች ንግድ ማዕከሎችም አሉ። «ሰርተፊኬት በ5,000 ዶላር እናወጣለን» ለሚል ሰው ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ያናግሩ።

ደረጃ 5፦ ጨረታው ሳይወጣ ይታዩ

ያቺ እህት ያጣችው ይህን ነው። ጨረታ ወጥቶ ካየነው በአብዛኛው ዘግይተናል።

ከጨረታው በፊት መሥሪያ ቤቱ ገበያውን ያጠናል። ሳም ላይ «ሶርስስ ሶት» የሚል ማስታወቂያ ያወጣና «ይህን ሥራ መሥራት የሚችል አነስተኛ ድርጅት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋ አይጠየቅም፣ አሸናፊ የለም፤ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። ነገሩ ግን እዚያ ላይ ይወሰናል። ሕጉ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊወዳደሩ የሚችሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አነስተኛ ድርጅቶች እንዳሉ ከታመነ ጨረታው ለአነስተኛ ድርጅቶች ብቻ እንዲወጣ ያደርጋል። ለሴቶች ድርጅት ለብቻ የሚወጣውም በተመሳሳይ ስሌት ነው። ማንም ካልመለሰ የግዥ ኦፊሰሩ «የለም» ብሎ ለሁሉም ክፍት ያደርገውና ትልቁ ድርጅት ይወስደዋል። ለዚህ ነው ሁለት ገጽ መልስ መላክ ከመቶ ገጽ የጨረታ ሰነድ የበለጠ ሊሠራ የሚችለው። እንዲያውም የሙያ ጓደኛዎን፣ ተፎካካሪዎን ሳይቀር፣ «አንቺም መልሺ» ይበሏት፤ አንድ መልስ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል።

መልሱ ላይ የተጠየቀውን በተጠየቀው ቅደም ተከተል ይመልሱ፦ ተመሳሳይ ሥራ የት ሠሩ፣ ስንት ካሬ ጫማ፣ ስንት ሠራተኛ፣ ሰርተፊኬትዎ፣ መለያ ቁጥርዎ። የሕይወት ፍልስፍና አያስፈልግም።

ከዚህ ጎን ለጎን የአቅም መግለጫ የሚባል አንድ ገጽ ያዘጋጁ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የአነስተኛ ድርጅቶች ጉዳይ ቢሮ አላቸው፤ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ የሚከፈላቸው እንዲህ ያለውን ገጽ እንዲቀበሉ ነው። ከመሄድዎ በፊት መሥሪያ ቤቱ የእርስዎን ዓይነት ሥራ ከማን በስንት እንደሚገዛና ኮንትራቱ መቼ እንደሚያልቅ ዩኤስኤ ስፔንዲንግ በሚባለው ይፋ መዝገብ ላይ ያንብቡ። «ሥራ ካላችሁ» ብሎ መሄድና «በመጪው መስከረም የሚያልቀው የሦስተኛው ሕንፃ ጽዳት» ብሎ መሄድ አንድ አይደሉም።

ትንሹንም አይናቁ። ከ2025 ጥቅምት ወዲህ እስከ 350,000 ዶላር የሚደርስ ግዥ በቀላል አሠራር ሊገዛ ይችላል፤ እስከ 15,000 ዶላር የሚደርሱ አብዛኞቹ የዕቃ ግዥዎች ደግሞ ያለ ጨረታ በመንግሥት ክሬዲት ካርድ ይከናወናሉ። የመጀመሪያው መልካም ምስክርነት የሚገኘው ከእነዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ በንዑስ ተቋራጭነት ሲገቡ

ልምድ ለሌለው ድርጅት የተሻለው መግቢያ በትልቅ ተቋራጭ ስር መሥራት ነው። ዋናው ተቋራጭ የአናሳና የሴቶች ድርጅቶች ግብ ስላለበት እርስዎን ይፈልጋል። ፍላጎቱ ግን ጨረታው እስኪገባ ድረስ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በእኔ ደርሷል። አንድ ትልቅ ድርጅት ስሜንና ሰርተፊኬቴን ሰነዱ ውስጥ አስገብቶ ጨረታውን አሸነፈ። ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆመ። ሥራውን በሌላ ርካሽ ሰው አሠራው። እኔ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬ ስጠብቅ ነበር። ያኔ መብቴን አላውቅም ነበርና ዝም አልኩ። አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦

ስሜ ከመግባቱ በፊት የተፈረመ ስምምነት እጠይቃለሁ፤ የሥራው ዓይነት፣ መጠኑና ዋጋው የተጻፈበት። ካሸነፈ በኋላ ሥራውን የሰጠውን መሥሪያ ቤት የዲቢኢ ወይም የአናሳ ድርጅቶች ቢሮ ጠርቼ ስሜ መመዝገቡን አረጋግጣለሁ። በዲቢኢ ደንብ ዋናው ተቋራጭ የጠቀሰውን ድርጅት ያለ በቂ ምክንያትና ያለ መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሊተካው አይችልም። አቤቱታው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ቀን፣ የኮንትራት ቁጥር፣ የተፈረመው ስምምነት።

በተቃራኒው እርስዎ ዋና ተቋራጭ ሆነው ለአነስተኛ ድርጅቶች የተለየ የአገልግሎት ኮንትራት ቢያሸንፉ፣ ከሚከፈልዎ ገንዘብ ከ50 በመቶ በላይ እንደ እርስዎ ሰርተፊኬት ለሌለው ድርጅት ማስተላለፍ አይፈቀድም።

ደረጃ 7፦ ዋጋና ዋስትና

በአገልግሎት ኮንትራት፣ ከ2,500 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ሠራተኛ የሚከፈለው በ1965 በወጣው የአገልግሎት ኮንትራት ሕግ መሠረት ለአካባቢው የተወሰነው ደመወዝና ጥቅማጥቅም ነው። ሠንጠረዡ ከጨረታው ሰነድ ጋር ተያይዞ ይመጣል። እርስዎ ለግል ቢሮ በሚከፍሉት ዋጋ አስልተው ካስገቡ ያሸንፋሉ፣ ከዚያ ይከስራሉ። ከደመወዙ ላይ ጥቅማጥቅሙን፣ የደመወዝ ታክሱን፣ የሠራተኛ ጉዳት መድኑን፣ ዕቃውን፣ የቢሮ ወጪውን፣ ትርፉን ደምረው ነው ዋጋ የሚወጣው። የእኛ ሰው ትርፉን የመጨረሻ ላይ እየሸረሸረ የማሸነፍ ልማድ አለው፤ የራሱን ድካም ዜሮ አድርጎ ያስባል። እባክዎ የራስዎን ሰዓት ያስከፍሉ።

በግንባታ ሥራ የጨረታ ማስከበሪያና የውል ማስፈጸሚያ ዋስትና ይጠየቃል። ዋስትና ሰጪዎች በሒሳብ ባለሙያ የተዘጋጀ መግለጫ ይፈልጋሉ፤ አዲስ ድርጅት ስለሆኑ ቢመልሱዎት የኤስቢኤ የዋስትና ፕሮግራም ለእርስዎ ነው። እስከ 9 ሚሊዮን ዶላር፣ ለፌዴራል ሥራ በተወሰነ ሁኔታ እስከ 14 ሚሊዮን ዶላር ለሚደርስ ኮንትራት ዋስትና ሰጪው ቢከስር ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይሸፍናል። ከጨረታው ሳምንት በፊት ሳይሆን ከወራት በፊት ይጀምሩት።

ደረጃ 8፦ ማስገባት

የአቀራረብ መመሪያውንና የምዘና መስፈርቱን ጎን ለጎን አትመው ያንብቡ። የገጽ ገደብ፣ የፊደል መጠን፣ የተሻሻሉ ሰነዶችን መቀበልዎን የሚያረጋግጠው ፊርማ፤ ሰው የሚወድቀው በእነዚህ ነው። በአንድ ደቂቃ የዘገየ ሰነድ ዘግይቷል፤ ለምን ብሎ የሚሰማ የለም። ከቀኑ በፊት ባለው ቀን ያስገቡ።

ደረጃ 9፦ ሲሸነፉ ይጠይቁ

«አሸናፊው ሌላ ነው» የሚለው ደብዳቤ ሲመጣ ሐዘኑ ለነገ ይቆይ፤ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። በተደራዳሪ ጨረታ፣ ማለትም ዋጋና ጥራት ተመዝነው በሚሰጡት፣ ደብዳቤው በደረሰዎ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማብራሪያ የመጠየቅ መብት አለዎት። የሰነድዎን ዋና ዋና ድክመቶች ሊነግሩዎ ይገደዳሉ። ይህን ማብራሪያ ሁልጊዜ ይጠይቁ። ነገ የሚያሸንፉበትን ትምህርት ነፃ የሚሰጥ ሌላ ቦታ የለም።

ምዘናው መስፈርቱን ያልተከተለ ከሆነ ለፌዴራሉ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ አቤት ማለት ይቻላል። ጊዜው ምክንያቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ነው፤ ቢሮው በ100 ቀን ውስጥ ይወስናል። ሥራው እስከዚያ እንዲቆም ከፈለጉ ቀኑ ከዚህም ያጥራልና በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያናግሩ። አሸናፊው በእርግጥ አነስተኛ አይደለም ወይም በእርግጥ የሴት ድርጅት አይደለም ብለው በማስረጃ የሚያምኑ ከሆነ ደግሞ ሌላ አቤቱታ አለ፤ ለግዥ ኦፊሰሩ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ይቀርባል።

ደረጃ 10፦ ገንዘብዎን ይሰብስቡ

የመጀመሪያውን ኮንትራት አግኝተው የሚዘጉ ድርጅቶች አሉ፤ ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል፣ የመንግሥት ክፍያ ግን ይዘገያል። ቢያንስ ለሁለት ወር ደመወዝ የሚበቃ የብድር መስመር ሥራው ሳይጀመር ያዘጋጁ።

የፌዴራል መሥሪያ ቤት ትክክለኛ ኢንቮይስ ከደረሰው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ካለፈ ወለድ ይጨምራል። «ትክክለኛ» የሚለው ቃል ላይ ይጠንቀቁ፦ የኮንትራት ቁጥር ከጎደለ ቆጠራው አይጀምርም። በግንባታ ዋናው ተቋራጭ ከመንግሥት ከተከፈለው በ7 ቀን ውስጥ ለንዑስ ተቋራጩ ይከፍላል። በዲቢኢ ሥራ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ። በፌዴራል ኮንትራት የንዑስ ተቋራጭ እቅድ ያለበት ዋና ተቋራጭ ለአነስተኛ ድርጅት ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ካዘገየ ራሱ ለግዥ ኦፊሰሩ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሲዘገይብዎ ለተቋራጩ በኢሜይል ይጻፉና ይህን ግዴታ ያስታውሱት። በአብዛኛው ከፍርድ ቤት በፊት ይህ ይበቃል።

የሚጽፉትን ሁሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። ኤይት ኤ በየዓመቱ ይገመገማል፣ ዲቢኢ በየዓመቱ መግለጫ ይጠይቃል፣ የሴቶች ሰርተፊኬት በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይረጋገጣል። እነዚህንና የሳም እድሳትን ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ከቀናቸው 90 ቀን ቀድሞ እንዲያስታውስዎ ያድርጉ።